ግዙፉን ሞለኪውል በጋሪ የወሰድኩ ዕለት

ብዙ መናገር አልወድም። የቡ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሴቶቹ ወደ እኔ የሚመጡት ስፌቴ ከሌላው ስለሚበልጥ ብቻ አይመስለኝም። ተለክተው፣ የሆዳቸውን ሁሉ ዘርግፈው ሲጨርሱ እኔ «እሺ» ብቻ ስለምል ነው። አፌ ውስጥ ሁልጊዜ ወይ ስፒል አለ፣ ወይ ጸሎት። ሁለቱም ወሬ አያስወሩም።

እንዲህ ያለሁት ሴት አንድ አርብ ቀን በገበሬዎችና በአህዮቻቸው ፊት ቆሜ ፊዚክስ አስተማርኩ። ነገሩን ያላየው ሁሉ እየጨመረ ስላወራው እኔው እንደነበረው ልንገራችሁ። እኔም ከጨመርኩ ትንሽ ነው።

ልጄ ምሕረት ያኔ ጅማ ላይ ፊዚክስ ለማስተርስ ትማር ነበር። አንድ ልጄ ናት፣ ተመስገን። እግዚአብሔር አንድ ሲሰጥ አስቦ ነው፤ እንደ እሷ የሚጠይቅ ሌላ ቢጨመር ቤቱ አይችለንም ነበር። አባቷ ደዶ ግብርና ቢሮ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የምታጠናውን የምትነግረው ለእኔ ነው። እኔ እየሰፋሁ፣ እሷ እያወራች።

የምታጠናው ስለ ግዙፍ ሞለኪውሎች ነው። «ግዙፍ» ስትለኝ ቢያንስ በግ የሚያክል ነገር ጠብቄ ነበር።

«በዓይን አይታይም» አለችኝ።

«ታዲያ ምኑ ነው ግዙፉ?»

«ከሌሎቹ ሞለኪውሎች ጋር ሲተያይ ነዋ፣ እማዬ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አተም መሃሉ ላይ አስኳል አለው፣ ዙሪያውን ኤሌክትሮን ይዞረዋል። የሌዘር ብርሃን፣ ልክ የሚስማማው ቀለም ተመርጦ ሲሰጠው፣ የዳሩ ኤሌክትሮን ኃይል ያገኝና ይርቃል። በጣም ይርቃል። ግን አይጠፋም፤ አሁንም የዚያው አተም ነው። በሚዞርበት ሰፊ ሜዳ ውስጥ ሌላ ተራ አተም፣ ማንም ያልነካው፣ ቢገኝ፣ ኤሌክትሮኑ ባለፈ ቁጥር ነካ እያደረገው እዚያው ያስቀረዋል። ሁለቱ አተሞች አይነካኩም። መሃላቸው ባዶ ሜዳ ነው። ግን ተያይዘዋል፤ አንድ ሞለኪውል ሆነዋል፤ ከተራው ሞለኪውል ሺህ ጊዜ የሚሰፋ። ይህን ስትነግረኝ የየቡን፣ የጅማንና የደዶን መንገድ አስቤ «ገባኝ» አልኳት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በብርድ ነው። ሙቀት ካለ አተሞቹ ይሯሯጣሉ፤ የሚሯሯጥ ነገር አይያዝም። ስለዚህ ከበረዶም፣ ከየትኛውም አገር ክረምትም በላይ ያቀዘቅዟቸዋል። ይህን ነገረችኝ፣ እኔም ያዝኩት። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ይዤዋለሁ።

የማቀዝቀዣው መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ሞለኪውሉን የሚሠሩት ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። የምሕረት ድርሻ ሒሳቡ ነው። ጥንዶቹ ይያያዛሉ ወይስ አይያያዙም? ከተያያዙስ ሌዘሩ የትኛው ቀለም ላይ ይቁም? ሰዎቹ መሣሪያው የተለቀቀላቸው እስከ እሑድ ብቻ ነበር። አርብ ከሰዓት የእሷ ቁጥር ከደረሳቸው እሷ ባለችው ቦታ ይፈልጋሉ። ካልደረሳቸው የሌላ ሰው ሒሳብ በእጃቸው አለ፤ የልጄ የሁለት ዓመት ድካም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። የሚጠፋብን ተራ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሲመሽ መብራቱ እንደመጣ ምሕረት ኮምፒውተሯን አስነሣች፤ ሒሳቡ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል አለች። በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያው ሚኒባስ ስትወጣ በር ላይ ቆማ አዘዘችኝ። የቡ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ቁጥሩ ሲወጣ በስልክ ላነብላት፣ እሷ ከጅማ ልትልክ ነው።

«እማዬ፣ አትንኪው።»

«እሺ።»

«መብራት ቢጠፋ ይህቺ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ታቆየዋለች። ትጮኻለች፤ አትደንግጪ። ስክሪኑን አጥፊና ሰው ጠርተሽ ነስሩ ጋ ውሰጂው፤ ጄኔሬተር አለው።»

«እሺ።»

«ግን አይጠፋም። ዛሬ ተራችን አይደለም።»

«እሺ።»

«ከተቋረጠ ከሀ ነው የሚጀምረው፣ እማዬ።»

አራተኛውን እሺ ሳልል ሄደች። በየመሃሉ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ማድረግ አይቻልም ወይ ለምትሉ፣ ይቻላል። አስተማሪዋም በኋላ ይህንኑ ብሎ ተቆጥቷታል።

ብቻዬን ስቀር ዳዊቴን አንሥቼ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። መንካት ተከልክያለሁ እንጂ እጅ ማስጠጋት አልተከለከልኩም። አስጠጋሁ። ከኋላው ትኩስ አየር ይነፍሳል! በብርድ ብቻ የሚኖሩትን አተሞች እሳት በሚተፋ ሣጥን ውስጥ ትታቸው ሄዳለች። ለልጅ እናት መሆን ማለት የረሳችውን ማስታወስ ነው ብዬ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። እሳት አልለኮስኩም። ጾም ስለነበር ለምሳ አልተቸገርኩም። ትራሱን ከአልጋው አንሥቼ በመስኮት የገባችው ፀሐይ እንዳታገኘው ጋረድኩት።

ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ እንደ ልማዷ ፍም ልትወስድ አካፋዋን ይዛ መጣች። አዴ ዘሃራ በአንድ ትንፋሽ እኔ በሳምንት የማልናገረውን ትናገራለች። ለዚህ ነው ሃያ ዓመት የተስማማነው።

«የምሕረት እናት፣ ምነው ቤትሽ ደጅ ሆነ?»

«ብርድ ያስፈልጋል።»

«ለማን?»

በአገጬ ሣጥኑን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችውና አካፋዋን ቀስ አድርጋ ከበሩ ውጭ አስቀመጠች። ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አላህ ይስጣት።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራቱ ጠፋ።

ባትሪዋ «ጢጥ» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ጢጥ»። ስክሪኑን አጠፋሁት። አዴ ዘሃራ ወደ መንገዱ ሮጣ ወጣችና የጋሪ ነጂውን የታምሩን ፈረስ ልጓም ይዛ ተመለሰች። ታምሩ ራሱ ከኋላ «ምን ሆናችሁ? ምን ሆናችሁ?» እያለ ይከተላል። ጋሪው ላይ የነበረው የቡና ከረጢት ወረደ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። እኔ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሣጥኑን ከነባትሪዋ ጭኔ ላይ፣ ስክሪኑን ጎኔ አደረጉልኝ። አቧራ እንዳይቦንበት ነጠላዬን አወለቅሁና ጠቀለልኩት። ፀሐይዋ ከረር ብላ ነበር። ስለዚህ አዴ ዘሃራ ጃንጥላ ይዛ ከጎን እየተራመደች በላዩ ዘረጋችለት።

«እትዬ፣ ልጋልብ?» አለ ታምሩ።

«ቀስ። አይናጥ።»

አሁን እንግዲህ እናንተ በመንገድ ዳር እንደቆማችሁ አስቡት። አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ የጠቀለለችውን ነገር ጭኗ ላይ ታቅፋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤቷ ጃንጥላ ይዛ በሩጫ ትከተላለች። ፈረሱ እንደ ለቅሶ ቤት ፈረስ ቀስ ይላል። ምን ትላላችሁ?

እኛ አገር ደግሞ ሕመምተኛ ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። ሱቁን ዘግቶ፣ ሚዛኑን ጥሎ ይከተላል። ማን እንደሆነ የሚጠየቀው እየሄዱ ነው። መጀመሪያ ባለ ሱቁ መጣ። ከዚያ ልብስ የሰፋሁላቸው ሁለት ሴቶች። ከዚያ ጫማ ጠጋኙ፣ መርፌው እጁ ላይ እንዳለ። አንዲት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጃንጥላውን ከሩቅ አይታ ጫማዋን አወለቀች፣ እልልታም ጀመረች። ቀርባ እኔ መሆኔን ስታይ እልልታውን መሃሉ ላይ ዋጠችው። ታቦት በጋሪ፣ ያውም በልብስ ሰፊ ጭን፣ አይሄድም።

«ማነው? ማን ታመመ?»

«የምሕረት እናት ናት። ልጅቷ ትሆን?»

«ይቺ? ይቺ እኮ ትንሽ ናት፣ ጭን ላይ የተያዘች!»

«ይህ የሚጮኸውስ ምንድነው?»

ጫማ ጠጋኙ እናቱን ጅማ ትልቁ ሆስፒታል አስታምሞ ያውቃል። ጆሮውን አስጠጋ። «ጢጥ» አለ ነጠላው። «የልብ ማሽን ነው» አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። «ገና እየመታ ነው። እንፍጠን!»

መናገር ነበረብኝ። ይህን አልክድም። ግን ከሃያው ደቂቃ ዘጠኙ ሄዷል፤ ጸሎቴም መሃሉ ላይ ነው። ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ደግሞ ለሚያየኝ ሁሉ ሐዘን ይመስላል። አዴ ዘሃራ እንዳትነግራቸው ትንፋሽ አጥሯታል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ዝም ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ ሰው ሆነን መታጠፊያው ጋ ደረስን።

በቀኝ ጤና ጣቢያ ነው። በግራ የነስሩ ቡና መቀሸሪያ። ታምሩ ወደ ግራ ሳበ።

«ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባ ራያ ናቸው፤ የገበሬዎቹ ሽማግሌ። ሁለት አህያ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጭነው ወደ መቀሸሪያው ሲሄዱ ከኛ ጋር ተገጣጥመዋል። ከዘራቸውን ጥለው የፈረሱን ልጓም ያዙ። «ጤና ጣቢያው በዚህ ነው! አንተ ሰውዬ ዓይንህ የለም?»

«አባ ራያ፣ ይልቀቁት» አልኩ።

«አይዞሽ ልጄ። ወደ ቀኝ ነው።»

«ሰው አይደለም። ኮምፒውተር ነው።»

አባ ራያ በጣም አዝነው አዩኝ። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አሉ ለባለ ሱቁ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል። «ከእጇ ተቀበሏት፤ ቀስ ብላችሁ።»

ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ዘረጉ። ባትሪዋ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። ጫማ ጠጋኙ «አለቀ! አለቀ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ነጠላውን ገለጥኩት።

ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ሰማያዊ መብራት። ይብለጨለጫል።

«ያ ሱብሃነላህ!» አሉ አባ ራያ። ልጓሙን ግን አልለቀቁም። «ሱቅ ዘግተን የተከተልነው ይህንን ነው?»

«ይህንን ነው። የምሕረት የሁለት ዓመት ሥራ እዚህ ውስጥ አለ። አሁን ከጠፋ ጠፋ።»

ልጓሙን ለቀቁት። ከዘራቸውንም ሳያነሡ «ንዳ!» ብለው ፈረሱን በመዳፋቸው መቱት። ቀስ ማለት ቀረ። ከኋላ የሚመለስ ሰው ይኖራል ብዬ ነበር፤ አንድም አልተመለሰም። እስከዚህ ከመጡ የመጣውን ነገር መጨረሻ ማየት ይፈልጋሉ። ሣጥኑ ጭኔ ላይ እየዘለለ፣ እኔ የአምላክን ስም እየጠራሁ፣ የነስሩ ግቢ ውስጥ ገባን።

ነስሩ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ቡና እየቀሸረ ነበር። ግቢው በገበሬ ተሞልቷል፤ አህያው፣ ጀንፈሉ፣ ከረጢቱ እስከ አጥሩ። አርብ ስለሆነ ሁሉም ከጁምዓ በፊት አስቀሽሮ ለመሄድ ይጣደፋል። ሶኬቱን አሳየኝ። ሰካሁት፣ ባትሪዋ ዝም አለች። ተመስገን ከማለቴ መቀሸሪያው አዲስ ጀንፈል ጎረሰና መብራቱ ሁሉ ደብዘዝ አለ። ባትሪዋ እንደገና ጮኸች። ደግሞ ዝም። ደግሞ ጮኸች።

«እትዬ፣ ሁለቱን አይችልም» አለ ነስሩ። «መቀሸሪያው ሲጎትት እሱ ይወድቃል። ስንት ደቂቃ ነው የሚፈልገው?»

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«አንድ ሰዓት! እነዚህን ሰዎች ምን ልበላቸው? ሲጠይቁኝ ለምንድነው ልበል? ልማት ነው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። አዴ ዘሃራ አፏን ከፍታ አየችኝ።

ነስሩ መቀሸሪያውን አቆመ። ጸጥታው ራሱ ጮኸ። ገበሬው በሙሉ ዞረ። «ማል ተኤ? ምን ሆነ? ናፍታ አለቀ?» እኔ መሃል ግቢው ላይ ቆምኩ። ለአንድ እጀታ ሁለት ቃል የማልናገር ሴት ነኝ፤ ግን በልጅ ከመጡብኝ አላፍርም።

ከመሬት አንድ ጀንፈል አነሣሁ። «ተራ ሞለኪውል ይህን ካከለ፣ የልጄ ሞለኪውል የዚህን ግቢ ያህል ነው። ከዚህ አጥር እስከዚያ አጥር።»

«ውስጡ ምን አለ?» አለ አንዱ።

«ምንም።»

ሳቁ። ስለዚህ በሰው ላሳያቸው ወሰንኩ። እኔ አስኳል ሆንኩ። ታምሩን ኤሌክትሮን አደረግኩትና «ሩቅ ሂድ፣ በአጥሩ ዳር ዙር» አልኩት። አዴ ዘሃራን በእኔና በአጥሩ መካከል አቆምኳት።

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ተራ አተም ነሽ፤ ልትሄጂ ነው።»

«ይህስ ማንን ያቅተዋል» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ መሄድ ጀመረች።

«ታምሩ፣ በአጠገቧ ባለፍክ ቁጥር ሰላም በላት።»

ታምሩ ዞሮ ደረሰ። «አካም ጅርቱ፣ አዴ ዘሃራ? ነጋ? ፈያ?»

«ነጋ፣ ፈያ፣ አንተስ? ከብቱ? ልጆቹ?» አዴ ዘሃራ ቆመች። እሱ አለፈ፤ ልትሄድ አንድ እርምጃ ሳትራመድ ዞሮ መጣ። «አካም ጅርቱ? ቤተሰቡ ነጋ?» ቆመች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። መልሳ ሳትጨርስ ይመጣል። ሰላም እየተባለ ጥሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጅማ ምድር ላይ አልተወለደም።

«አያችሁ?» አልኩ። «እኔ አልነካኋትም። እሷም አልነካችኝም። መሃላችን ሜዳ ነው። ግን መሄድ አልቻለችም። ይህ ነው ሞለኪውሉ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ወላሂ ገባኝ!» አለ አንድ ገበሬ። «እኔ ገበያ ሄጄ ሳልገዛ የምመለሰው በዚህ ነው!»

«ታምሩን ማን እንዲህ አራቀው?» አለ ሌላው።

«ብርሃን ሰጥተውት ነው። ኃይል አገኘ።»

«ጥጋብ ነው በይን!»

«ጥጋብ ነው» አልኩ። ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አስተማሪ ምሕረትም እንዳልገጠማት ነግራኛለች።

ታምሩ ስምንተኛው ዙር ላይ አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ። አዴ ዘሃራም ተራመደችና ሄደች። አባ ራያ ከከረጢት ላይ ሆነው ይህን አዩ። «ይህ ሞለኪውል ምን ያህል ይቆያል?» አሉኝ።

ለመዋሸት አልተፈጠርኩም፤ ያውም በጾም። «ዓይንዎን ሳያርገበግቡ ያልቃል፣ አባ ራያ።»

ሳቁ ቆመ። «ለዚህ ነው መቀሸሪያው የቆመው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ አሁን እንደ ቀልድ አይደለም። «ዓይን እስኪርገበገብ ለማይቆይ ነገር ጀንፈሌን ይዤ ልደር?» ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ነስሩ ወደ መቀሸሪያው አንድ እርምጃ ሄደ። ልጄ ያኔ ጅማ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ስልኳን እያየች መሆኗን አሰብኩ።

ወሩ የካቲት ነበር። ከሳምንቱ ዝናብ በኋላ ከነስሩ አጥር ማዶ ያለው ቡና በሙሉ አብቧል፤ ነጭ ሆኗል።

«የቡና አበባ ስንት ቀን ይቆያል?» አልኳቸው።

ሁሉም ያውቀዋል፤ ሦስት ቀን ቢሆን ነው። በዚያ ሦስት ቀን ነው የዓመቱ ኑሮ የሚወሰነው። ሌላ የምጨምረው ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ረጅም ዝም አልኩ፤ ይህን ማንም አይችለኝም።

አባ ራያ ተነሡ። «ሁልጊዜ የኢማሙ ኹጥባ፣ ስብከቱ፣ ከተጀመረ በኋላ ነው የምንደርሰው» አሉ። «ዛሬ ቀድመን እንሂድ። ስንመለስ ይቀሸራል።» ካሉ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ያጉረመረመው ሰውዬ ብቻ ሲወጣ «አተሞቹን ጀንፈሌን ጠብቁ በያቸው» ብሎኝ አለፈ። ተከትለውን የመጡትም ወደየሱቃቸው ሄዱ። እኔ፣ ነስሩና አንድ ዓይኗን ከሣጥኑ የማትነቅል አዴ ዘሃራ ቀረን። እሷ ዱዓዋን እዚያው ጥግ አደረገች። እኔ ዳዊቴን ደገምኩ። ሣጥኑ መሃላችን ያጉረመርም ነበር።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ስክሪኑን አበራሁት። ቁጥሩ ወጥቷል። ስልኩ ግን ኔትወርክ የለውም። ነስሩ ከረጢት ክምሩ ላይ ብቻ እንደሚይዝ ነገረኝ። ቁጥሩን በስፌት ጠመኔዬ መዳፌ ላይ ጽፌ ከረጢቱን እየቧጠጥኩ ወጣሁ፤ አሥራ አንድ ከረጢት ከፍታ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

«እማዬ! መብራት ጠፍቷል አሉኝ!»

«ነስሩ ጋ ነኝ። አልሞቃቸውም፣ አትስጊ። ጃንጥላ ይዘንላቸዋል።»

«ለእነማን?»

«ለአተሞቹ።»

«እማዬ፣ አተሞቹ እኮ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሉም። ሒሳባቸው ብቻ ነው ያለው።»

ይህንን ጠዋት በር ላይ ብትነግረኝ ስንት ነገር ይቀር ነበር። ግን የሚነገር ሌላ ነገር ስለነበር አለፍኩት።

«ሃያ ሦስት ነጥብ አራት» አልኳት።

መዳፌን ወደ ፀሐይ አዙሬ ደግሜ አነበብኩት።

«ሰማሽ? ሃያ ሦስት ነጥብ…»

«ሰማሁ።» ድምፅዋ ወደ ታች ወረደ። «ከፊቱ ምንም የለም?»

«ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ትንሽ ቆሻሻ አለች። እሷን አልጻፍኳትም።»

«ምን ዓይነት ቆሻሻ?»

«አግድም ጭረት ናት። በነጠላዬ ጠረግኳት፣ አትለቅም። በምራቅም ሞከርኩ።»

ከዚያኛው ጫፍ የሰማሁት ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» ሲሏት ይሰማኛል። «እማዬ፣ የመቀነስ ምልክት ናት፤ እሷን ነው የፈለግኳት! ጭረቷ ከሌለች አልተያያዙም ማለት ነው። ካለች ተያይዘዋል። ውረጂና አረጋግጪልኝ። እባክሽ በነጠላ አትጥረጊያት!»

ወረድኩ። አየሁ። ጭረቷ አለች። ተመልሼ ወጣሁና «አለች» አልኳት። ከዚያ ዝም ተባባልን። እኔ ዝም ስል ሰው ሐዘን ይመስለዋል ብያችሁ ነበር፤ ልጄ ግን ታውቀዋለች።

ገበሬዎቹ ከጁምዓ ሲመለሱ አባ ራያ ከፊት ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው «ወል ቀበተኒ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ተያያዙ ወይ ማለታቸው ነው።

«ተያያዙ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሁሉም፤ ያ አጉረምራሚም ጭምር። ነስሩ መቀሸሪያውን ለቀቀው። የእኔ ሣጥን ሥራውን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ መብራቱ ደብዘዝ ቢል ባይል ግድ የለውም። አባ ራያ ግን በጩኸቱ መሃል ጆሮዬ ጋ ቀርበው «አሁን የት አለ?» አሉኝ።

«ገና አልተሠራም። ውጭ ያሉት ሰዎች ናቸው የሚሠሩት፣ እስከ እሑድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጀንፈላቸው ሄዱ።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ከደዶ መጥቶ የተፈጠረውን ከመንገደኛ ሰምቷልና ሣጥኑን ባየ ቁጥር «ሰላም ነው? ነጋ?» ይለዋል። ምሕረት አልበላችም። እኔ ቅዳሴ ቆምኩ፤ የለመንኩት ለማንም አይነገርም።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለላት። አዳምጣ፣ ስልኩን ዘግታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አግኝተውታል። እሷ ካለችው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ግን እዚያው ሠፈር። ስሟም በሥራው ላይ ይገባል። ያን ያህል ጊዜ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት እሷን ስወልድ ብቻ ነው።

እንባችንን ሳንጠርግ በሩ ተንኳኳ። አባ ራያ ናቸው፤ አዲስ ከዘራ ይዘዋል። ከሠፈራቸው በእግራቸው መጥተዋል።

«ይግቡ፣ አባ ራያ።»

«አልገባም፣ መንገደኛ ነኝ። ተወለደ?»

«ተወለደ።»

«አልሐምዱሊላህ! ወንድ ነው ሴት?»

ምሕረት ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። እጇን ይዤ አስቆምኳትና እኔው መለስኩላቸው።

«ትልቅ ነው» አልኳቸው።